ያለ ቁልፍ የተነሳች መኪና

ወልደ ሰንበት ፈሪ ሰው ነበር፤ እሱም አይክድም። በ1970 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን ላይ ፈሪ መሆን ደግሞ የሚያሳፍር ነገር አልነበረም። «ፈሪ ለእናቱ» የሚባለው ድሮ ለመቀለጃ ነበር፤ በዚያ ዓመት ግን ምክር ሆነ። ወልደ ሰንበት የመኪና ኤሌክትሪክ ይሠራል። ባትሪ ይሞላል፣ ሞተር የሚያስነሳውን ሞተሪኖ ፈትቶ ይገጥማል፣ የተቃጠለ ሽቦ ይቀይራል፣ ሲመሽ ቤቱ ገብቶ በሩን ይዘጋል። ከተወሰዱት ሰዎች የአንዱንም ስም ከአፉ የሰማ የለም።

ስለዚህ ሐምሌ ውስጥ አንድ ማለዳ የቀበሌው ኮሚቴ ሊቀመንበር ጓድ ብርሃነ መስቀል ጋራዡ ድረስ መጥቶ «መሣሪያህን ይዘህ ተከተለኝ» ሲለው፣ ወዴት ብሎ አልጠየቀም። ጭቃውን እየረገጠ ተከተለው። የት እንደሚሄዱ የገባው የሸሪፍ አጥር ሲታየው ነው።

ሸሪፍ ያሕያ የአልዩ አምባ ሰው ነበር። ከቆላ በርበሬና ጥጥ ጭኖ የአንኮበርን ዳገት ወጥቶ ደብረ ብርሃን ያራግፋል፤ ከዚህ ደግሞ ገብስና ብርድ ልብስ ይዞ ይወርዳል። መኪናው አፍንጫዋ የረዘመ፣ ናፍጣ የምትጠጣ አሮጌ የጭነት መኪና ነበረች። ስትነሳ መጀመሪያ እንደ ታመመ ሽማግሌ ታስላለች፣ ከዚያ ነው ድምጿ የሚከፈተው። ሚስቱ ዙቤዳ ከሌላው መኪና ሁሉ ለይታ ታውቃታለች። መኪናዋ ከከተማው ዳር ብቅ ስትል ሻይ ትጥዳለች፣ ሸሪፍ ሲገባ ሻዩ ፈልቶ ይጠብቀዋል። ወልደ ሰንበትም ያን ሻይ ስንት ጊዜ ጠጥቷል።

ሸሪፍን ሰኔ አሥራ ሁለት ቀን ወሰዱት። ኮሚቴው የፊቱን ቤት ጽሕፈት ቤት አደረገውና ዙቤዳን ከጓሮ ማድ ቤት ከተታት። መኪናዋ ግቢው መሐል እንደ ቆመች ቀረች፣ ቁልፏ ጠፍቶ ነበርና። ቤቱን ሦስት ጊዜ ፈተሹ፣ ፍራሹን ቀደዱ፣ ቁልፍ የሚባል አላገኙም። ዙቤዳ የምትመልሰው አንድ ቃል ነው፦ «ይዞት ሄዷል።» የምትሸሽገው ነገር አልነበራትም፤ እንደዚያ ነው ያመነችው። ለጎረቤቶቿም ትላቸው ነበር፦ «ቁልፉ ከሱ ጋር ነው። የመኪናዋን ድምፅ የሰማሁ ቀን፣ ሸሪፍ መጣ ማለት ነው።»

«ያለ ቁልፍ ትነሳለች ወይ?» አለ ጓድ ብርሃነ መስቀል፣ የመኪናዋን በር ከፍቶ።

«ትነሳለች» አለ ወልደ ሰንበት። ስለ ሥራው ሲጠየቅ ፍርሃቱ ይለቀዋል፣ አንደበቱም ይፈታል። «ቁልፍ ሞተር አያስነሳም፣ ጓድ ሊቀመንበር። ቁልፍ በረኛ ነው። ከኋላው ሁለት ሽቦ አለ፤ አንዱ ከባትሪ ይመጣል፣ አንዱ ወደ ሞተሪኖው ይሄዳል። ቁልፉ ሲዞር ሁለቱ ይነካካሉ፣ ሞተሪኖው ሞተሩን ያዞረዋል። የናፍጣ መኪና ደግሞ አንዴ ከዞረች በራሷ ትይዛለች። ሁለቱን ሽቦ የሚያነካካ ሌላ ነገር ካገኘሁ በረኛው አያስፈልግም።»

«ምን ዓይነት ነገር?»

«ሲጫኑት የሚነካ፣ ሲለቁት የሚለይ።»

ጓድ ብርሃነ መስቀል ዙሪያውን አየና ወደ ፊቱ ቤት ሄደ። ከበሩ መቃን ላይ ሸሪፍ ከአስመራ ያስመጣው የደወል መጫኛ ነበር፤ እንግዳ ሲመጣ በጣቱ የሚጫናት ነጭ ክብ ነገር። በካራ ፈንቅሎ አወጣትና ይዟት መጣ። «ይኸው። ከእንግዲህ የትኛውም ሾፌር ገብቶ ይጫናት፣ መኪናዋ የሕዝብ ናት።»

ወልደ ሰንበት ከመሪው ሥር ገብቶ ሽቦዎቹን ቆረጠ፣ ልጣቸውን አነሳ፣ ከደወሉ ጋር አሰራቸው። እጁ ሥራ ላይ ሲሆን አፉን ይረሳዋል፤ የሰውዬው የዕድሜ ልክ ጥፋትም ይኸው ነው። «ባለቤቷ መጥቶ ቢጠይቅስ?» አለ።

«አይጠይቅም» አለ ጓድ ብርሃነ መስቀል፣ ከጫማው ላይ ጭቃ በእንጨት እየፋቀ። «ሰኔ ሠላሳ ቀን የሱ ነገር ተጨርሷል። ይህ ቃል ከዚህ ግቢ ከወጣ ካንተ ነው የወጣው።» ወዲያው ከጽሕፈት ቤቱ ስልክ ጮኸ፣ እሱም ገባ።

ወልደ ሰንበት ብቻውን ቀረ። ምን ያድርግ? ሥራው አላለቀም። ወንበሩ ላይ ወጣ፣ ማርሹ ዜሮ ላይ መሆኑን አየ፣ የሸሪፍን ደወል ተጫነ። መኪናዋ አሳለች፣ አሳለች፣ ከዚያም ድምጿ ተከፈተ።

ዙቤዳ ከማድ ቤቱ በባዶ እግሯ ወጣች። እጇ ዱቄት ነበር። ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ባሏ አለመሆኑን ስታይ ቆም አለች፣ ቀጥሎ ፊቷ በራ። ወደ መኪናዋ ተጠጋችና በሞተሩ ድምፅ ውስጥ «ቁልፉን ላንተ ላከው?» አለችው።

ወልደ ሰንበት የጽሕፈት ቤቱን መስኮት አየ። የሊቀመንበሩ ጀርባ ይታያል። አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው።

«ገባኝ። አትናገር፣ ሰው አለ» አለች ዙቤዳ። በዚያ ዘመን ዝምታ ሁሉ ጥንቃቄ ነበር፤ እሷም እንደዚያ ተረጎመችው። ሮጣ ገብታ የሸሪፍን ካፖርት ይዛ ወጣች፣ የደብረ ብርሃንን ብርድ የሚችልበትን ጥቁሩን ካፖርት። ጉልበቱ ላይ አኖረችለት። «ምሥር ብላ፣ ወልደ ሰንበት። እሱ ሲወጣ ሌላ ይገዛል።»

የምሥራች ያላለ ሰው ምሥር ብላ ተባለ። የምሥራች ሽልማት አይመለስም፤ መመለስ የምሥራቹን መካድ ነው። ወልደ ሰንበት ካፖርቱን ታቅፎ ወጣ። ያን ቀን ምሳ አልበላም።

ዙቤዳ ዓርብ ዓርብ ምግብ ቋጥራ ወህኒ ቤት ትወስድ ነበር። ዘበኞቹ ይቀበሏታል። «ከተቀበሉኝማ እየበላ ነው» ትላለች። ከምሥራቹ ወዲህ ወጡን ቅቤ አበዛችበት። ወልደ ሰንበት በጋራዡ በር ስታልፍ ያያታል፣ ታየዋለችና በዓይኗ ፈገግ ትልለታለች፤ ምሥጢር የሚጋሩ ይመስል። እሱ ፊቱን ወደ ባትሪው ያዞራል። ካፖርቱን ጋራዡ ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል። አይለብሰው፣ አይመልሰው። ቀና ባለ ቁጥር ሸሪፍ ጀርባውን ሰጥቶት የቆመ እየመሰለው ሥራ አልሆንለት አለ።

ከሳምንት በኋላ ሌላ ነገር መጣ። ከጣርማ በር በኩል የተነሳ ጉም ከተማውን ሸፍኖ ባደረበት ቀን፣ ገና ሲነጋጋ፣ መኪናዋ ማንም ሳይነካት አሳለችና ተነሳች። የግቢው ዘበኛ ወልደአረጋይ ወንበሩ ላይ ሰው አለመኖሩን አይቶ እስከ በሩ ድረስ በደረቱ ተሳበ፣ ይባላል። ሾፌር ጠርተው አጠፏት። በሦስተኛው ቀን ደገመች፤ በሰባተኛውም። ሾፌሮቹ ጅን ገባባት ብለው ራቋት። ዙቤዳ ግን በተነሳች ቁጥር ነጠላዋን አስተካክላ ትወጣለች፣ ባዶውን ወንበር አይታ ትቆማለች፣ ተመልሳም ሻይ ትጥዳለች። ሁለት ብርጭቆ ታቀርባለች አሉ። ይህን የሰማ ቀን ወልደ ሰንበት ራሱን ጠላ።

ጓድ ብርሃነ መስቀል አስጠራው። «እኔ ጅን አላውቅም። እኔ የማውቀው አሻጥር ነው» አለው። «እስከ ሰኞ ካላስተካከልካት አሻጥረኛው አንተ ነህ።»

ወልደ ሰንበት ደወሉን ፈትቶ አየው። ጅኑን ወዲያው አገኘው። ውስጡ ሁለት የነሐስ ቅጠል አለ፣ የሚለያያቸው ቁራጭ ካርቶን ነው። ደወሉ የተሠራው ለቤት መቃን ነው እንጂ ለመኪና አይደለም፤ ካርቶኑ ጉም ሲጠጣ ርሶ ይለሰልሳል፣ ነሐሶቹ ይነካካሉ፣ ሞተሪኖው ይዞራል። በካርቶኑ ፈንታ ቁራጭ ጎማ ቢያስገባ ያበቃል፤ የዐሥር ደቂቃ ሥራ ነው። ነገር ግን መኪናዋ ዝም ብትል የዙቤዳ ተስፋ ዝም አይልም፤ ለእሷ እውነቱን ሳይነግር ጅኑን ብቻ ማጥፋት ከበደው። ጎማውን ኪሱ ከቶ፣ ደወሉን እንደነበረ ገጥሞት ሄደ። «ሰኞ እጨርሰዋለሁ» አለ።

እሑድ ቀኑን ሙሉ ዘነበ። ጋራዡ ቆርቆሮ ነው፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ማታ ሊወጣ ሲል መንቀጥቀጥ ያዘውና፣ ሳያስበው ካፖርቱን አውርዶ ለበሰ። እጁን ኪሱ ከተተ። ኪሱ ቀዳዳ ነበር፤ ጣቱ በቀዳዳው ወደ ገበሩ አለፈ፣ ታች ጠርዙ ላይ አንድ ቀዝቃዛ ነገር ነካ። ባያወጣውም አውቆታል። እልፍ ጊዜ በእጁ ይዞት የነበረ ቁልፍ ነው።

ሸሪፍ ቁልፉን ይዞ አልሄደም። ካፖርቱንም አልለበሰም። በሸሚዝ ነው የወሰዱት። ወልደ ሰንበት የሞተር ዘይት በተጠራቀመበት መሬት ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ፣ ቀስ ብሎ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ።

መርዶ የሚነገረው ንጋት ላይ ነው፤ ሽማግሌና ጎረቤት ተሰብስቦ። በዚያ ዓመት ግን ሦስት ሰው ተሰብስቦ መሄድ ራሱ ወንጀል ነበር። ሰኞ ሊነጋጋ ሲል ወልደ ሰንበት መሣሪያውን አንጠልጥሎ ብቻውን ሄደ። ዘበኛውን «ለጥገና ነው» አለው። ከዚያ በመኪናዋ አጠገብ አልፎ የማድ ቤቱን በር ቆረቆረ።

ካፖርቱን አጥፎ መደቡ ላይ አኖረው፣ ቁልፉን ከላዩ። ዙቤዳ ቁልፉን አይታ እሱን አየችው።

«ከየት አመጣኸው?»

«ከገበሩ ውስጥ፣ እትዬ ዙቤዳ። ኪሱ ተቀዶ ነበር።»

«አውቃለሁ። እሰፋለታለሁ ብዬ ነበር» አለች። ጣቷ ካፖርቱ ላይ ቀዳዳውን ፈልጎ አገኘው። «ታዲያ ያን ቀን ቁልፉን ማን ሰጠህ?»

«ማንም። ያለ ቁልፍ እኔ ነኝ ያስነሳኋት፤ አዘውኝ። ካንቺ የበላሁት ምሥር የውሸት ነው።»

«ጠዋት ጠዋትስ?»

«ጉም ነው። ጉሙና እኔ የገጠምኩት ደወል።»

ከዚያ የሚቀረውን አንድ ጥያቄ ጠየቀችው፤ በስም እንኳ አላነሳችውም። «እሱስ?»

«ሰኔ ሠላሳ» አለ ወልደ ሰንበት።

«ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን» አለች በትንፋሿ። ቀጥላም፣ «ምግቡን ማን ነበር የሚበላው?» አለች። አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ከፊቱ ቤት የወንበር ድምፅ ይሰማል፤ ሰዎቹ መግባት ጀምረዋል። እነሱ ለገደሉት ሰው ማልቀስ ከሰውዬው ጋር መቆጠር ነው። እነሱ የገደሉትን የአንድ የኮምቦልቻ ሾፌር ሚስት ያሰሯት ለባሏ በማልቀሷ ነው።

እጇን ከአፏ አንስታ፣ «ወልደ ሰንበት፣ መኪናዋን አስነሳልኝ» አለችው።

ገባው። ወጥቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፣ ደወሉን ተጫነ። መኪናዋ አሳለችና ተነሳች። ናፍጣ መስጫውን ረገጠው፣ ሞተሩ ጮኸ፣ የፊቱ ቤት መስኮቶች ተንቀጠቀጡ። ከበስተኋላው፣ ከማድ ቤቱ፣ አንድ ቀጭን ነገር ከሞተሩ ድምፅ ሥር ገባ። ከሰኔ ጀምሮ ታፍኖ የቆየ ለቅሶ ነው። እሱ ብቻ ሰማው። ወልደአረጋይ በሩ ላይ ቆሞ አማተበ።

ጓድ ብርሃነ መስቀል ጃኬቱን እየቆለፈ ወጣ። «ተጠገነች?» ብሎ በጩኸት ጠየቀው። «ካበቃህ አጥፋት።»

የወልደ ሰንበት ፈሪነት የትም አልሄደም፣ እዚያው ወንበሩ ላይ አብሮት ተቀምጧል።

«ገና ናት፣ ጓድ ሊቀመንበር» አለ። «ትንሽ መጮህ አለባት።»

እግሩንም ከናፍጣ መስጫው ላይ አላነሳም።