ማኅተሟን ያዋሰችው አያት

ባኦዡ በጂያዪ ከተማ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ፣ ለአሥር ዓመት ልጅ በተሠራ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ጉልበቷ አገጯን ሊነካ ምንም አልቀረው። ሰባ አንድ ዓመቷ ነው፤ ወገቧም በሰኔ ከዋለው የዘንዶ ጀልባ በዓል ወዲህ አልሻል ብሏታል። ከመጣች ጀምሮ ያንገበገባት ግን ወገቧ አይደለም። ሰዎቹ ስለ ልጅ ልጇ የሚያወሩት አወራር ነው።

ነገሩ የመጣው ከአንድ መጽሐፍ ነው። ጠዋት ትምህርት ከመጀመሩ በፊት እናቶች እየተፈራረቁ ለልጆች ታሪክ ያነባሉ። ከሁለት ሳምንት በፊት አንዲት ወጣት እናት ሁለት እናቶች ስላሏት፣ አውቶቡስ መናኸሪያ አጠገብ ስለምትኖር ልጅ አነበበች። የባኦዡ የልጅ ልጅ ኒንኒን እጇን አውጥታ «እንደኛ ቤት» አለች። ሌላ ያለችው ነገር የለም። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ የወላጆቹ ስልክ ሁሉ በመልእክት ተንጫጫ፤ ይኸው ነገሩ ዛሬ፣ ቅዳሜ ነው ሳይል፣ መጽሐፉ ይነበብ ወይስ ይነሳ ለማለት የክፍሉን ወላጆች አንድ ላይ ሰበሰባቸው። በኅዳር ሕዝቡ ድምፅ ሊሰጥ ነው። ጋብቻ የወንድና የሴት ብቻ ይሁን የሚሉ አሉ፣ ትምህርት ቤት ስለ እንዲህ ያሉ ቤቶች አያስተምር የሚሉ አሉ፣ የለም የሚሉም አሉ። የአገሩ ጭቅጭቅ ሁሉ ሌላ ቦታ የጠፋ ይመስል እዚች ክፍል ገብቶ ተቀመጠ።

ከባኦዡ ጎን ሚንሩ ሰማያዊ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች እጇን አጣጥፋ ተቀምጣለች። ሚንሩ የአየር ማቀዝቀዣ ጠጋኝ ናት። ኒንኒንን የወለደቻት የባኦዡ ልጅ ፔይሻን ናት፤ እሷ ነርስ ስለሆነች ዛሬ ተረኛ ናት። ሚንሩና ፔይሻን በባኦዡ ቤት አብረው መኖር ከጀመሩ አሥራ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። ልጅቷ ፔይሻንን «እማዬ»፣ ሚንሩን «እማ ሩ» ትላለች፤ በወረቀት ላይ ግን ሚንሩ ለልጅቷ ምኗም አይደለችም። ልጆቹ አጠገብ ባለው ክፍል ሥዕል ሳሉ ተብለው ተቀምጠዋል። ሙቀቱ ስለበረታ በመካከል ያለውን በር የዘጋው ሰው የለም።

መጀመሪያ የተነሳው የዩሼንግ አባት ነበር። ከስልኩ ላይ ጥናት አነበበ። አባት በሌለበት ያደጉ ልጆች በትምህርትም፣ በጠባይም፣ በእንቅልፍም ይቸገራሉ አለ። መጽሐፉን ያነበበችው ወጣት እናት ደግሞ ሌላ ወረቀት አወጣች። ያ ጥናት የተፋቱትንም፣ የተበተኑትንም ቤቶች ከሁለት ሴቶች ቤት ጋር ቀላቅሎ የቆጠረ ነው፤ ልጅን የሚጎዳው በቤት ውስጥ ያለ ጠብ፣ ማጣትና ከቦታ ቦታ መንከራተት ነው ብላ ተከራከረች። ወረቀት በወረቀት ተወራወሩ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ሰው ለስለስ ባለ ድምፅ፣ ለምን እንቸኩላለን፣ እንዲህ ያሉት ልጆች አድገው ምን እንደሚወጣቸው ይታይ አለ።

ባኦዡ ከንፈሯን ነከሰች። ይታይ አለ፤ ዱባ መሰለችው። ደግም ክፉም ብለው ስለ ኒንኒን ያነሱት ሁሉ የገበያ ዓሣ ትኩስ ነው አይደለም ብሎ ጉሮሮውን ገልጦ እንደሚያይ ሰው ነበሩ። የሚደግፏትም ሳይቀሩ።

ከዚያ ሱዪን ተነሳች።

ሱዪን የባኦዡ ጎረቤት ናት፤ አንድ ግድግዳ ተጋርተው አርባ ዓመት ኖረዋል። የልጅ ልጇ እዚሁ ክፍል ውስጥ ስለሚማር የታሪክ አንባቢዎቹን እናቶች የምትመራው እሷ ነች። ስትናገር ድምፅዋን ከፍ አታደርግም፤ ለዚህ ነው ሰው የሚሰማት።

«ኒንኒንን ከራሴ ልጆች ለይቼ አላያትም» አለች። «ለአዲስ ዓመት ጫማዋን የምገዛላት እኔ ነኝ። አባቴን ባሕር ሲወስደው የአራት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ከዚያ ለሰው ቤት ተሰጠሁ። አባት የሌለው ልጅ ምን እንደሚጎድለው ጥናት አይነግረኝም። ይኼን የምለው ደግሞ እኔ ብቻ አይደለሁም። ትምህርት ቤት ይኼን አያስተምር የሚለው ለኅዳሩ ድምፅ እንዲቀርብ ፊርማ ስናሰባስብ ባኦዡም ማኅተሟን አኑራለች። ልጅቷን የምታሳድገው አያት ራሷ እንዲህ ካለች፣ እናንተ ምን ትጨምራላችሁ?»

 የአዳራሹ ሰው በሙሉ ዞሮ ባኦዡን ተመለከታት። ሚንሩም ዞረች። በበሩ በኩል የእርሳሱ ድምፅ ቆሟል። ኒንኒን መቃኑን ተደግፋ ቆማ ነበር።

ባኦዡ እንዴት እንደተነሳች ለራሷም አልታወቃት። የሱዪንን እጅጌ ጨምድዳ ይዛ እየጎተተች፣ ልጆች እጃቸውን የሚታጠቡበት የቧንቧ መደዳ ጋ ወደ ኮሪደሩ አወጣቻት።

«መቼ ነው እኔ ማኅተም የመታሁት?»

«በዘንዶ ጀልባው በዓል። ወገብሽን ታመሽ ተኝተሽ፣ ለአዛውንት የሚታደለውን የሩዝ ጥቅልል ተቀበይልኝ ብለሽ ማኅተምሽን ሰጠሽኝ። የተጠየቀውን ሁሉ ምቺልኝ አላልሽም?»

ብላለች። በሠፈራቸው በፊርማ ፈንታ የሚመታው የስም ማኅተም እንደ ጭልፋ ከቤት ቤት ይዞራል። ለጥቅልሉም፣ ለመድኃኒቱም፣ ለቤተ መቅደሱ መዋጮም አንዷ የሌላዋን ይዛ ትሄዳለች። የመታወቂያ ቁጥሯንም ቢሆን በክሊኒኩ መዝገብ ላይ ስትሞላላት የኖረችው ሱዪን ናት፤ በቃሏ ታውቀዋለች።

«የሩዝ ጥቅልል ነው ያልኩሽ። ሌባ ነሽ» አለቻት ባኦዡ።

«ሌባ በይኝ። ግን አንቺ ያላልሽውን ነገር አልመታሁም።» ሱዪን እጅጌዋን ከባኦዡ እጅ አስለቀቀች። «ደጄ ላይ ተቀምጠሽ ስንቴ አልቅሰሽብኛል? ‹አባት የሌላት ልጅ ተንጋዳ ታድጋለች› ያልሽው አንቺ አይደለሽም? ‹ሰው ሁሉ አይቶ ዝም ይላል፣ አንድ እንኳ የሚያስቆማቸው ይጥፋ?› ያልሽውስ? እኔ ሰማሁሽ። ስላዘንኩልሽ ነው የመታሁት።»

 እውነት ነው፤ ባኦዡ ብላለች። ኒንኒን ገና በሆድ ሳለች ብላዋለች፤ ትምህርት ቤት በገባች ቀን ብላዋለች፤ አምና ልጅቷ ቤተሰቧን ስላ አምጥታ ከአያትየዋ ጋር አራት ሴት ባንድ ወረቀት ላይ ስታይ ሱዪን ጋ ሄዳ ደግማዋለች። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ጭንቀት ነበር። ሱዪን ጋ ሲደርስ ወረቀት ሆነ።

ሚንሩ ተከትላቸው ወጣች። ፊቷ አመድ መስሏል፤ ድምፅዋ ግን ልመና ነበረበት።

«እማማ፣ እርስዎ ሳያውቁ ነው አይደል ማኅተምዎን የመታችው? እንዲያ ከሆነ ወንጀል ነው። ገብተው ይናገሩ። ሰኞ ምርጫ ቢሮ እራሴ ይዤዎት እሄዳለሁ።»

ሱዪን ዓይኗን ቧንቧው ላይ ተክላ «በያቸው» አለች ቀስ ብላ። «አልከራከርሽም።»

አንዲት ቃል ብቻ ነበረች የምትበቃው። ሰረቀችኝ ማለት። ሚንሩ ታምናታለች፤ ማመን እንደቸኮለች ከዓይኗ ይነበባል። ኒንኒንም ታምናለች። ቤቷ እንደ ድሮው ይሆናል። ሱዪን ደግሞ በስልሳ ዘጠኝ ዓመቷ በፖሊስ ትጠራለች፤ ሄዳም አዎ ትላለች፤ ታውቃታለች። ይሄ ሸክሙን ልሸከምልሽ ባይነቷ ከስርቆቱ ይልቅ የባኦዡን ደም አፈላው። ለአርባ ዓመት እንዲህ ናት፤ ታሳዝናለች፣ ትረዳለች፣ እግረ መንገዷን ደግሞ ቤት ታፈርሳለች።

ሁለቱንም ትታቸው ገባች። ስብሰባውን የሚመራው የክፍሉ መምህር ሆንግ መቀመጫ ሊስብላት ሲል በእጇ መለሰችው።

«ማኅተሙን የመታችው ሱዪን ናት። የሰጠኋት እኔ ነኝ» አለች። «ወረቀቱን ሳታሳየኝ መምታቷ ነውር ነው፤ እሱን ከእሷ ጋር እንጨርሳለን። ቃሉ ግን የኔ ነው። ልጅቷ ተንጋዳ ታድጋለች ያልኩት እኔ ነኝ፣ ይኼ አፌ።»

በኮሪደሩ በር ላይ የቆመችውን ሚንሩን አላየቻትም። ብታያት መቀጠል አትችልም ነበር።

ከዚያ በኋላ የተናገረችው ከሆዷ እየተግተለተለ ስለወጣ ሁሉንም አላስታወሰችውም። እኔ ቤት አባት ነበረ አለች። አባትም እናትም ባንድ ማዕድ ተቀምጠው፣ በወረቀትም በሰውም ፊት ያማረ ቤት ነበረን። ሰውዬው ሳህን ሲወረውር ልጄ ፔይሻን በጓሮ ዘላ ሱዪን ቤት ትደበቅ ነበር። በአሥር ዓመቷ ጥፍሯን እስኪደማ ትበላ ነበር። ያኔ ጥናት ይዞ የመጣልኝ ሰው የለም፤ ስብሰባ የጠራልኝም የለም።

«ኒንኒን ሦስት ዓመት ከሞላት ጀምሮ በየሳምንቱ ጥፍሯን አያለሁ» አለች። «እፈራለሁ፣ ምን ላድርግ። የእናቷን ምልክት እፈልግባታለሁ። ሰባት ዓመት ሙሉ አንድም ጊዜ አላገኘሁም። ያገኘሁት ባለፈው እሑድ ነው። ሁለት ጣቷ ደምቷል። ይኼ አባት ከማጣት የመጣ አይደለም። ከናንተ መልእክት የመጣ ነው። ከኔ አፍም የመጣ ነው። እስቲ ይኼን ደግሞ አጥኑት።»

የዩሼንግ አባት ብድግ ብሎ አክብሮት ባለው ድምፅ፣ እማማ አይቆጡ፣ እኛም ለልጆቹ ብለን ነው አላት።

«ለልጆቹ ብለህ ከሆነ በሩን ዝጋው» አለችው። «ይሰሙሃል።»

ሰውዬው በሩን አየ፣ መምህሩን አየ፣ ተመልሶ ተቀመጠ። በሩን የዘጋው መምህር ሆንግ ነው።

እጅ ተቆጠረ። አሥራ ዘጠኝ ለአሥራ አንድ፤ መጽሐፉ እስከ ኅዳር ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆይ ተባለ። ሱዪን ዓይኗን እየጠረገች ይቆይ ከሚሉት ጋር እጇን አወጣች። ባኦዡ አይታታለች። ሱዪንም እንዳየቻት አውቃለች፤ እጇን ግን አላወረደችም።

የሚንሩ የሥራ መኪና ከግቢው ውጭ ፀሐይ ላይ ቆማለች። ኒንኒን የፊቱን በር ይዛ ባኦዡ እስክትደርስ ጠበቀች። የደሙትን ጣቶቿን መዳፏ ውስጥ ደብቃለች።

«አማ» አለች አያቷን፤ «አሁንም ተንጋድጄ የማድግ ይመስልሻል?»

ባኦዡ በጭራሽ ልትላት አፏን ከፈተች። ከሩብ ሰዓት በፊት በሰው ፊት የተናገረችው ትዝ አላት።

«እፈራለሁ» አለች። «እኔ ሁሉን ነው የምፈራው። ዓሣ ስትበዪ አጥንቱን እፈራለሁ። መንገድ ስትሻገሪ እፈራለሁ። ስፈራ ብዙ እለፈልፋለሁ።»

ልጅቷ ትንሽ አሰበች። «ስትፈሪ ለእኛ ንገሪን። ለጎረቤታችን አትንገሪያት።»

«እሺ።»

«እሺ አትበዪ ብቻ።» ገብታ ተቀመጠች፤ በሩንም ዘጋችው።

ሚንሩ ዞራ መጥታ የኋላውን በር ከፈተች። ባኦዡን ቀና ብላ አላየቻትም።

«አሥራ ሁለት ዓመት» አለች። «እኔ ያበሰልኩትን እየበሉ፣ ያነጠፍኩትን እየተኙ። ለእኔ አንድ ቀን ቢነግሩኝ ምን ነበረበት? ብንጣላ እንጣላ ነበር።»

 ባኦዡ ለሱዪን ስታለቅስ እፎይ ትል ነበር፤ ለሚንሩ ብትነግራት ኖሮ ግን መልስ ይመጣ ነበር። የፈራችው እሱን ነው።

«ዛሬ አላናግርዎትም» አለች ሚንሩ። «ነገም እንጃ። ለፔይሻን የሚነግሩት እርስዎ ነዎት፣ እኔ አልነግርልዎትም። ይግቡ፣ ፀሐይ ነው።»

ባኦዡ ወገቧን ይዛ በመዳብ ቱቦዎቹና በአሮጌዎቹ የማቀዝቀዣ ሞተሮች መካከል ገብታ ተቀመጠች። መኪናዋ ስትነሳ ለፔይሻን የምትነግራትን በልቧ ማዘጋጀት ጀመረች። «ሱዪን እኮ» አለች፤ ተወችው። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች፤ አሁንም ሱዪን ቀድማ መጣችባት። ቤት ደርሳ ገላዋን ታጥባ፣ ረጋ ብላ እስክታስብ ጊዜ እንዳላት ነበር የመሰላት። ሚንሩ ግን ወደ ቤት የሚወስደውን መታጠፊያ አልፋው ሄደች። ፔይሻን የምሳ እረፍት ላይ ናት። ሆስፒታሉ በር ጋ ሲደርሱ ሚንሩ ሞተሩን አጥፍታ መሪውን እንደያዘች ፊት ለፊቷን እያየች ቀረች፤ ነጭ ልብስ የለበሰችው ፔይሻንም ደረጃውን እየወረደች በፈገግታ እጇን ታውለበልብላቸው ጀመር።