ጡሩምባ ነፊው እና የሚሳበው መድኃኒት

1.
ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እውነት ነው። አንዲት ቃል ከጨመርኩ ምላሴ ይቆረጥ። ቁጥሮቹን እንዲያውም አሳንሻቸዋለሁ፤ እንዳሉ ብጽፋቸው ማን ያምነኛል?

2. ድሮ
ፋርማሲስቷ እልፍነሽ፣ በፍቼ ብቻ ሳይሆን ከአባይ ወዲያም ወዲህም አቻ የሌላት፣ ኪኒን ትቆጥራለች፤ ፖስታ ውስጥ ትከታለች፤ «ከምግብ በኋላ» ትላለች።

አለቀ።

3. ዘንድሮ
መድኃኒት ረቀቀ። ቆዳ ላይ የሚለጠፍ መጣ፤ እንደ እስክሪብቶ ተይዞ የሚወጋ መጣ፤ በአፍ የሚሳብ መጣ። እልፍነሽም መምህር ሆነች፣ ተዋናይ ሆነች። አሳሳቡን ለማሳየት ብቻ በቀን አንድ ሺህ ጊዜ ትተነፍሳለች። ዋጋውማ አይነሳ! አንዱ ሙክት ያስገዛል።

4. ጋሽ ሽብሩ
ሠላሳ ዓመት የእድሩን ጡሩምባ የነፉ ሰው ናቸው። አስም ያዛቸው። በሁለት ወር ሦስት የሚሳብ መድኃኒት ጨረሱ፤ ሳሉ ግን ባሰ። የእድሩ ሊቀመንበር ቁርጡን ነገራቸው፦ እሑድ ለጠቅላላ ጉባኤው ካልነፉ ሜጋፎን ይገዛል።

5. ቃል በቃል
እልፍነሽ፦ እስቲ ጋሼ፣ አወሳሰድዎን ያሳዩኝ።
ጋሽ ሽብሩ፦ ለእኔ ነው እንዴ የትንፋሽ ትምህርት?
(አፋቸው ላይ ደገኑት። ጉንጫቸውን ወጠሩ። ነፉት። መድኃኒቱ ጉም ሆኖ የእልፍነሽ መነጽር ላይ አረፈ።)
እልፍነሽ፦ ጋሼ! ይነፉታል እንዴ?
ጋሽ ሽብሩ፦ ታዲያ አፍ ላይ የተደገነ ነገር ምን ይደረጋል?
እልፍነሽ፦ ይሳባላ!
ጋሽ ሽብሩ፦ ሦስት ሙክት ለአየር አበላሁ በይኛ!

6. መመሪያ
ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ውሰድ። (ለመሳብ የሚያግዘው የፋብሪካ ዕቃ ዋጋው ከመድኃኒቱ ይብሳል።) ቂጡን በመድኃኒቱ አፍ ልክ ብሳና ሰካው። አንተ በአንገቱ በኩል ግጠም። ጫን። ጉሙ ውስጥ ሆኖ ይጠብቅሃል። እንዳትነፋ። ቀስ ብለህ

ሳብ።

7. እሑድ ጠዋት
እልፍነሽ ከአልጋዋ ሳትወርድ ጡሩምባው ጮኸ! ሦስት ቤት ቆርቆሮው ተነሳ። የሰላሌ ፈረስ በሙሉ ገመዱን በጠሰ። እልፍነሽ በነጠላ ጫማዋ ግቢ ወጥታ ብቻዋን ጨፈረች።

8. ሰኞ
ፋርማሲው ጢም ብሏል። እልፍነሽ ለተሰለፈው ሁሉ ታወራለች።
«በአራት ቀን! በአንድ ፕላስቲክ! እንደ ሃያ ዓመት ጎረምሳ ነው የነፉት!»
የጋሽ ሽብሩ ባለቤት ወይዘሮ ጥሩወርቅ ወደ መስኮቱ ጠጋ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።
«እሱ አይደለም፣ ልጄ።»
«እንዴት?»
«ተኝቶ ነበር። ሳይስል ሲነጋለት በዓመቱ ገና ትናንት ነው። በምን አንጀቴ ልቀስቅሰው? እኔ ነኝ የነፋሁት።»
«ውይ! ጋሼ ሲነቁ ታዲያ ምን አሉ?»
«መች ነቃና! እስካሁን ያንኮራፋል።»

9.
ጋሽ ሽብሩ፦