የቧልት ካርድ

በመዝገበ ቃላት ክፍል ሃያ ስድስት ዓመት ቃል ስትለቅም የኖረችው ሴት ያን ቀን ጠዋት አንዲት ካርዷን በቀይ ተሰርዛ አገኘቻት። የ«ቧልት» ካርድ ነበረች። እሷ «ባለሥልጣንን በአካሄዱና በአነጋገሩ እየመሰሉ መድረክ ላይ መሣቂያ ማድረግ» ብላ የፈታችውን፣ የክፍሉ ኃላፊ ሰርዞ «የሥራ ፈቶች ወሬ» ብሎታል። ቀይ እስክሪብቶ የያዘ ሁሉ አዋቂ የሆነ ይመስለዋል። መጽሐፉ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ማተሚያ ቤት ይገባል።

ደሟ ፈላ። አባቷ ቧልተኛ ነበሩ። ትራስ ልብሳቸው ውስጥ ከተው የዘመኑን ሹም ሲጫወቱ ሰው ሆዱን ይዞ ይሥቅ ነበር፤ ሹሙ ሰምቶ አምስት ወር አሳሰራቸው። ወሬ ብቻ ቢሆንማ ማን ከቁም ነገር ይቆጥረው ነበር?

ካርዷን ይዛ ገባች። ኃላፊው መነጽሩን አውልቆ ወለወለ፣ ሁለቴ ሳል አለ፣ «በመሠረቱ» ብሎ ጀመረ። የቃሉ ምንጭ አይታወቅም፣ መጽሐፉ የጨዋ ነው፣ የእሷም ጡረታ ሁለት ወር ነው የቀረው፤ አርፋ ብትቀመጥ ይሻላታል። የመጨረሻዋ ነገር ልቧን ወጋቻት።

ወጣችና ሠራተኞቹ መሀል ቆመች። የመጣው ይምጣ ብላ የወንበሯን ትራስ ሹራቧ ውስጥ ከተተች፣ የሌላትን መነጽር አውልቃ ወለወለች፣ ሁለቴ ሳል አለች። ጸሐፊዋ አፏን በሁለት እጇ አፈነች፤ ዘበኛው ግን አልቻለም፣ ግድግዳ ተደግፎ ተንፈቀፈቀ። ክፍሉ በሙሉ ተከተለው።

ኃላፊው በሩ ላይ ብቅ ሲል ሣቁ ቀጥ አለ። እሷ ትራሱን አላወጣችም።

«በመሠረቱ፣» አለች በእሱ ድምፅ፣ «ይህ የሥራ ፈቶች ወሬ ነው።» ከዚያ በራሷ ድምፅ፣ «ታዲያ ጌታዬ፣ ፊትዎ ምነው ተለዋወጠ?»

ሰውየው መልስ ፍለጋ እጁን ወደ መነጽሩ ሰደደ። ሁሉም እጁን ሲያዩት አየ፤ መንገድ ላይ አስቀረው። ሳሉንም ዋጠው። ያለ እነሱ መናገር አልቻለም፣ ተመልሶ በሩን ዘጋ።

እሷ ፍቺዋን እንደገና በቀለም ጻፈች። ባዶ ትታው በነበረው የምንጭ መስመር ላይ የአባቷን ስም ከነአያታቸው አሰፈረች። ከዚያም ትራሱን ሳታወጣ፣ በዋናው በር፣ ካርዷን ራሷ ማተሚያ ቤት ወሰደቻት።