ግዛቸው ከአዳራሹ ውጭ

በሚያዝያ 2017 ዓ.ም.፣ በአንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሲሬ አጠገብ ባለች ቀበሌ አዳራሽ የተገኙት ሰብሳቢው ሽማግሌ ኦቦ ሀሰኖ፣ የግዛቸው ጎረቤቶች አዴ ሰኪናና ባለ ሱቁ ኢርሻድ፣ ወሬ የጠራው የሰፈር ሰው ሁሉ፣ እንዲሁም ራሱ ግዛቸው ነበሩ።

ግዛቸው ከሌላ ክፍለ ሀገር ተመድቦ የመጣ የእርዳታ ድርጅት ሠራተኛ ነበር። ከባሕር ማዶ የሚመጣው ገንዘብ ሲቆም ድርጅቱ ቢሮውን ዘጋ፤ እሱም ያለ ደመወዝ ቀረ። ዛሬ የመጣው በመጋዘን የተረፈው የመጨረሻ ስንዴ የሚደርሳቸውን ችግረኞች ለማስመረጥ ነው። ቤቱ ግን ከአንድ ጭብጥ ሽሮ በቀር የሚላስ የሚቀመስ አልነበረውም። ከስንዴው ትንሽ ቢደርሰው ምንኛ በወደደ፤ ግን እንዴት አፍ አውጥቶ ይጠይቅ?

«በንጉሡ ጊዜ ፈረንጆች የዱቄት ወተት አመጡልን፤ በደርግ ጊዜ ብስኩት፤ ከዚያ ወዲህ ስንዴና ዘይት» አሉ ኦቦ ሀሰኖ። «ሲያመጡም አልጠየቁን፣ ሲተዉም አላማከሩን። በሉ፣ የችግረኛ ስም ጥሩ።»

አዴ ሰኪና ተነሡ። «እኔ ግዛቸውን እጠራለሁ።»

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ።

«በል ውጣ ልጄ» አሉት ኦቦ ሀሰኖ።

ስሙ የተጠራ ሰው ይወጣል፤ ስለ ኑሮው ጎረቤት ይመሰክራል፤ እሱ ትንፍሽ አይልም። ይህን ደንብ ያስተማራቸው ራሱ ግዛቸው ነው። ወጣና ጆሮውን ከቆርቆሮው ግድግዳ ላይ ለጠፈ።

«ሶፋ አለው» አለ ኢርሻድ።

«ሶፋ ይበላል?» አሉ አዴ ሰኪና። «ትናንት ጨው ሊበደረኝ መጥቶ ዓይኑን ከድንቼ ላይ መንቀል አቃተው።»

«ዲግሪም አለው።»

«ታዲያ ድስት ውስጥ ይጨምረው?»

«መኪናስ? ግቢው ውስጥ ቆማለች። መኪና ያለው ለእርዳታ አይመለመልም ራሱ ብሎናል።»

ግዛቸው አላስቻለውም። «የድርጅቱ ናት። ነዳጅም የላትም» አለ በቆርቆሮው በኩል።

ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወደ ግድግዳው ዞረ።

«ግድግዳው ተናገረ» አሉ ኦቦ ሀሰኖ። «ደንቡ የከለከለው ሰውን ነው፤ ግድግዳን አይደለም። ምስክርነቱን ተቀብለናል።»

ከዚያ አስገቡት። ስንዴው ተፈቅዶለታል። እፎይ ሊል ሲል ሽማግሌው ጣታቸውን አነሡ።

«ጉልበት ያለው ሰው በነፃ አይወስድም፣ እርከን ሠርቶ ነው ስትለን አልነበር?»

«ኦቦ ሀሰኖ፣ እኔ እኮ...»

«አንተ እኮ ደኅና ትከሻ አለህ።»

ሰኞ ዕለት ግዛቸው ከሰፈሩ ሰው ጋር ተራራው ላይ የእርከን ድንጋይ ሲሸከም ዋለ። ዓርብ ስንዴውን ተቀበለ። ወደዚያች ቀበሌ ከዚያ በኋላ ስንዴ አልመጣም።