የተዘቀዘቀ ነጠላ

እትዬ በየነች ነጠላቸውን ማስተካከል ረስተው ገቡ።

በአንድ እጃቸው አጥሚት የሞላ ፔርሙዝ ይዘዋል። በሌላው በሩን ገፋ አድርገው፣ «እንዴት ዋልሽ የኔ እናት፣ ያ ሆድሽ ውስጥ ያለው ሆዳምስ እንዴት ዋለ?» እያሉ ወደ አልጋው ተጠጉ። ሳቃቸው እንደ ሰሞኑ ሁሉ ከልክ ያለፈ ነበር። ነጠላቸው ግን ከሳቃቸው ጋር አልሄደም። ወደ ታች መውረድ የነበረበት ጥለት ወደ ላይ ዞሮ አንገታቸውን ከቧል። ነጠላውን እንዲያ ዘቅዝቆ የሚለብሰው ለቅሶ የሚሄድ ሰው ነው።

ዕፀገነት ሁለት ትራስ ተደግፋ የተማሪዎቿን የባዮሎጂ ፈተና ስታርም ነበር። ቀና ስትል ጥለቱን አየች፤ ቀጥላ እናቷን። እናቷ ወይዘሮ ምንዳዬ ከጓዳ ብቅ እንዳሉ በቆሙበት ደርቀው ቀሩ። ከዚያ በጣታቸው የራሳቸውን አንገት ነካ አደረጉ። እትዬ በየነች ገባቸው። ፔርሙዙን አስቀምጠው ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱና፣ ሙቀቱን የተማረሩ መስለው አጣጥፈው ጭናቸው ላይ አኖሩት።

«የማን ለቅሶ ደርሰው ነው፣ እትዬ በየነች?» አለች ዕፀገነት።

«እኔ? ኧረ እዚሁ ታች ሰፈር ነው። የሩቅ ሰው ነው፣ አታውቂውም።»

መቱ ከተማ ውስጥ ለቅሶ ደርሶ የመጣ ሰው የሟቹን ስም፣ የሕመሙን ዓይነት፣ ማን እንዳለቀሰና ማን እንዳላለቀሰ ሳያወራ አይነሣም። እትዬ በየነች ደግሞ የማያውቁትን ሟች እንኳ ከነቅጽል ስሙ ነው የሚተርኩት። ዛሬ ስም አጡ።

ዕፀገነት ቀዩን እስክሪብቶ ወረቀቱ ላይ አስተኛችው። ኪቲላ ሞቷል።

ማንም አልነገራትም፤ ሁሉም ግን ሲነግሯት ሰንብተዋል። ባሏ ኪቲላ የጫካ ቡና ባለሙያ ነው። ለቀማው ሲጀመር ሞተር ብስክሌቱን አስነሥቶ ወደ ያዮ ወረደ፤ «ኔትወርክ ያለበት ጉብታ ላይ ስወጣ እደውላለሁ» ብሏት ነበር። መጀመሪያ ደወለ። ከዚያ ቀረ። በቀረ በማግሥቱ እናቷ «ናፈቅሽኝ» ብለው ከጎሬ ከነሻንጣቸው መጡ። ስልኳን «ጨረሩ ለጽንስ አይሆንም» ብለው ወሰዱባት። ቴሌቪዥኑ ተበላሸ ተባለ። ጎረቤት እየተፈራረቀ ይገባና ይስቃል፤ ሠርግ ቤት እንኳ እንደዚያ አይሳቅም። የኪቲላ እናት፣ እሷም «ሐርሜ»፣ እናቴ፣ የምትላቸው ሐርሜ ኡርጌ፣ በገበያ ቀን ማር ይዘው ሳይገቡ አልፈው አያውቁም። ሰሞኑን ግን ደብዛቸው ጠፋ። ዕፀገነት ይህን ሁሉ በደም ግፊቷ አሳብባ ነበር። ሐኪሙ ግፊቱ ከፍ ብሏል፣ ዕረፍት አድርጊ፣ አትደንግጪ ብሏታል። ሰውም ያንን ሰምቶ የሚጠነቀቅላት መስሏት ነበር።

«ጠጪው እንጂ፣ ይቀዘቅዛል» አሉ እናቷ።

ጠጣችው። እስከ ታች ጠጣችው። ሆዷ ውስጥ ልጁ ተገላበጠ፤ እጇን ጫነችበት። ታለቅስ ይሆን ብለው የሚያዩ አራት ዓይኖች አሉ፤ አላለቀሰችም።

በማግሥቱ የክትትል ቀጠሮዋ ነበር። እናቷ መተላለፊያው ላይ ባለው አግዳሚ ቀሩ፤ እሷ ወደ አዋላጇ ክፍል ገባች። አዋላጇ መታሰቢያ ከእሷ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጣ የተማረች ናት። የግፊት መለኪያውን ክንዷ ላይ ስትጠመጥም ዕፀገነት ድምጿን ሳትለውጥ፣ «ኪቲላ የት ነው የተቀበረው?» አለቻት።

የመታሰቢያ እጅ ቆመ። «ማን ነገረሽ?»

«አንቺ። አሁን።»

መታሰቢያ በሩን ዘግታ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። ቀስ ብላ ነገረቻት። ዝናብ ነበር፤ ገባ ከሚባለው ወንዝ ከመድረሱ በፊት ቁልቁለቱ ላይ ሞተሩ ተንሸራተተ፤ ሰው ሲደርስ አልፏል። ያዮ፣ አባቱ አጠገብ ተቀበረ። ሁለት ሳምንት ሆነው።

«ለእኔ መቼ ልትነግሩኝ ነበር?»

«ስትወልጂ። ክርስትናው ሲያልፍ ጠዋት ሽማግሌ ተልኮ። እኔም ተስማምቻለሁ፣ አልክድሽም። ግፊትሽን አይቼ ነው።»

«ዛሬ ስንት ነው ግፊቴ?»

መታሰቢያ ለካች። ደግማ ለካች። «ካለፈው ጨምሯል።»

«ምንም ሳልሰማ ነው የጨመረው?»

መታሰቢያ ቁጥሩን ካርዱ ላይ ጻፈች።

«አሁን ጓደኛዬ መሆንሽን ተዪና በሙያሽ ንገሪኝ» አለች ዕፀገነት። «ሐዘኔ ልጁን ምን ያደርገዋል?»

«አልዋሽሽም፣ ሊጎዳው ይችላል። ያልበላች፣ ያልተኛች እናት ልጇ ይቀጭጫል፤ ቀኑ ሳይደርስም ሊመጣ ይችላል። ግን ያለቀሰች ሁሉ ልጇን ጎዳች ማለት አይደለም። ሰው ደግፏት ያለቀሰችና ብቻዋን ታፍና የተቀመጠች አንድ አይደሉም።» መለኪያውን ከክንዷ እየፈታች ጨመረች፤ «ዋስትና ግን አልሰጥሽም።»

«ዋስትና አልጠየቅኩሽም።»

መታሰቢያ ኪኒኑን ሰጥታ፣ ራሷን አጥብቆ ካመማት፣ ዓይኗ ከተጋረደ፣ ወይም ደም ካየች ሌላ ሰዓት ሳትጠብቅ እንድትመጣ አስማለቻት። በሩ ላይ አንገቷን አቀፈቻት። ዕፀገነት ግን ውጭ አግዳሚው ላይ እናቷ ነበሩና ቀጥ ብላ ወጣች።

ቤት እንደገቡ ሣጥኑን ከፍታ ጥቁር ቀሚስ መፈለግ ጀመረች። ሆዷን የሚያስገባ አልነበረም። የኪቲላን ጥቁር ሹራብ አውጥታ ለበሰች፤ ጉልበቷ ድረስ ደረሰ። ከዚያ ነጭ ነጠላዋን ከመስቀያው አወረደች።

«ምን ልትሆኚ ነው?» አሉ ምንዳዬ።

«ያዮ ልሄድ። ለቅሶ።»

እናቷ ጮኸው የሚያለቅሱ መስሏት ነበር። እሳቸው ግን በሩን ዘግተው ጀርባቸውን አስደገፉበት። «ከዚህ በር አትወጪም። እኔን ረግጠሽ ካልሆነ አትወጪም።»

«ሁለት ሳምንት፣ እማዬ። አፈር እንኳ ሳላለብሰው።»

«እሱን አፈር አልብሰውታል። እኔ የምጠብቀው ያላየውን ነው።» በጣታቸው ሆዷን አመለከቱ። «አንቺ መምህር ነኝ ትያለሽ። እኔ ያለፍኩበትን ነው የማውቀው። አንቺን አርግዤ ነው ዲበኩሉ ሰሜን ጦርነት ላይ የወደቀው። ያለ እሱ ወንድም አልነበረኝም። ጎሬ ሙሉ ያውቃል፤ እኔ አላውቅም። ጊዜ አጥቶ ይሆናል ደብዳቤ ያልጻፈው እያልኩ በሰላም ወለድኩሽ። ክርስትናሽ ባለፈ በማግሥቱ ነገሩኝ። ይኸው ወፍረሽ፣ ተምረሽ፣ ቆመሽ ትከራከሪኛለሽ። ምን ጎደለሽ?»

ዕፀገነት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ይህን ታሪክ ሰምታዋለች፤ እስከ ክርስትናው ድረስ ያለውን። ከክርስትናው ማግሥት በኋላ ያለውን የኖረችው እሷ ናት።

«ማን ነው ያጠባኝ?» አለች።

እናቷ ከኋላቸው የበሩን እጀታ ጨበጡ።

«የቄስ ገበዙ ሚስት ናት ያጠባችኝ። በእሷ ጀርባ ነው ያደግኩት፤ አፌን ስፈታ እማዬ ያልኩት እሷን ነበር። የልደቴ ቀን በመጣ ቁጥር አንቺ ፊትሽን ወደ ግድግዳ አዙረሽ ትተኛለሽ። ልጅ ሆኜ ምን አጥፍቼ ነው እያልኩ ቤቱን እጠርግ ነበር።»

«ጡቴ ደረቀ» አሉ ምንዳዬ። «ምን ላድርግ፣ ደረቀ።»

«አውቃለሁ። አንቺ ላይ አልፈርድም። የሱን ሞትና የኔን መወለድ አንድ ላይ አስረው ነው የሰጡሽ። ሰው እንዲህ ዓይነት ሸክም ሲሰጠው የቱን ይቀፍ?» ተነሣች። ነጠላውን ዘርግታ አዞረችው፤ ጥለቱን አንገቷ ሥር አስገብታ ጫፎቹን ወደ ኋላ ጣለች። «ለእኔም ያንኑ ልትሰጡኝ ነው። ወልጄ፣ ዕልል ተብሎልኝ፣ ገንፎዬን በልቼ፣ ከዚያ ጠዋት ሽማግሌ በር ሊያንኳኳ። ልጄን ባየሁ ቁጥር ያ ጠዋት ሊታየኝ። እምቢ። ልጄ መርዶ ይዞ አይወለድም። ሐዘኑ የኔ ነው፤ እኔው እጨርሰዋለሁ። እሱ ሲመጣ ተደብቆ የቆየ፣ ገና የሚነገረኝ ነገር አይኖርም።»

ምንዳዬ ከበሩ አልተንቀሳቀሱም። ዕፀገነት እናቷን ገፍትራ ማለፍ እንደማትችል ታውቃለች፤ እሳቸውም ያውቃሉ። ግን አልጋው ላይ ተመልሳ እንደማትተኛም ሁለቱም አውቀዋል።

በመጨረሻ እናቷ ከበሩ ራቁ። «ባዶ ሆድሽን ግን አትሄጂም» አሉ። «ሳትበዪ ከዚህ ቤት አትወጪም፣ በሥላሴ።»

ቆማ በላች። ጉርሻው አልወርድ ሲላት በውኃ አወረደችው። ስትጨርስ ቀና ብላ አየች፤ እናቷ የራሳቸውን ነጠላ ዘቅዝቀው ለብሰው፣ ቦርሳቸውን ይዘው ይጠብቋታል።

መነኻሪያው ላይ የሚኒባሱ ሹፌር ሆዷንም ነጠላዋንም አየ፤ ምንም ሳይጠይቅ የፊቱን ወንበር አስለቀቀላት። ከመቱ ወጥተው ቁልቁለቱ ሲጀምር ፍጥነቱን ቀነሰ። ከኋላ አንዱ፣ «ኧረ ንዳ፣ ከብት ነው የጫንከው?» አለው። ሹፌሩ በመስታወት አየውና፣ «አንተን ከቆጠርን አዎ» አለው። ሰው ሳቀ። ዕፀገነት ከሁለት ሳምንት ወዲህ ለእሷ ተብሎ ያልተሳቀ ሳቅ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር። አልከፋትም። ገባ ወንዝ ጋ ሲደርሱ ዓይኗን አልጨፈነችም።

ግቢው ውስጥ ዳሱ ገና አልፈረሰም። ሴቶቹ ሲያዩዋት ቀስ በቀስ ዝም አሉ፤ ዝምታው ከበሩ እስከ ዳሱ መጨረሻ ሄደ። የኪቲላ አጎት ጋሼ ኩማ ከአግዳሚው ተነሥተው እጃቸውን ዘርግተው መንገዱን ዘጉ።

«ማን ነው ያመጣት? ምንዳዬ፣ ምን ነካሽ? ጽንሱን ልትገድሉት ነው?»

«ራሴን ያመጣሁት እኔው ነኝ፣ ጋሼ ኩማ» አለች ዕፀገነት። «ባሌን ሳላየው ቀበራችሁብኝ። በጎ አስባችሁ ነው፤ እሺ። ለቅሶዬን ግን አትቀብሩብኝም።»

ሽማግሌው እጃቸውን አላጠፉም። ያኔ ከቤቱ ውስጥ ሐርሜ ኡርጌ ወጡ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከስተዋል። «ኢንተላ ኮ» አሉ፤ «ልጄ» ማለታቸው ነው፤ መንገዱን የዘጋውን የወንድማቸውን እጅ እንደ መዝጊያ ገፋ አድርገው አለፉት።

«አትሂጂባት አሉኝ» አሉ አንገቷን ይዘው። «ፊትሽን ካየች ትረዳለች አሉኝ። እኔ ደግሞ እንደ እነሱ መሳቅ አይሆንልኝም። ብመጣ ኖሮ በሩ ላይ ነበር የምወድቀው።»

«መጥተው ቢወድቁ ይሻለኝ ነበር፣ ሐርሜ።»

እዚያ፣ ሁለት ሳምንት ያቆየችውን አወጣችው። ምን እንዳለች፣ እንዴት እንደጮኸች እዚህ አይጻፍም፤ የእሷ ነው። ሴቶቹ በዙሪያዋ ነበሩ፤ እናቷ ከኋላ ወገቧን ደግፈዋል፤ ሐርሜ ኡርጌ ከፊት። አንዲት ሴት በየመሐሉ ውኃ ታቀርባለች፤ ምንዳዬም፣ «ጠጪ» ይላሉ፤ ትጠጣለች። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ወደ መቃብሩ ወሰዷት። አፈሩ ገና እርጥብ ነበር። አንድ እፍኝ አንሥታ ጨመረችበት። ልጁ በኃይል ረገጠ። «አባትህ ነው» አለችው በለሆሳስ። «ሰምተሃል። ሌላ የሚነግርህ የለም።»

ልጁ ሴት ሆነች። ቀኗ ጥቂት ሲቀረው መጣች፤ አነስ ብላ ተመዘነች። እትዬ በየነች፣ «ሐዘኑ ይጎዳታል አላልኩም ነበር?» ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ ሕፃኗ ክፍሉን የሚሞላ ለቅሶ ለቀቀችው፤ መታሰቢያም፣ «ይሄ ሳንባ የተጎዳ ሰው ሳንባ ነው?» ብላ አሳቀቻቸው። ሴቶቹ ዕልል አሉ። ዕልልታው መሐል የተጠቃቀሰ ሰው አልነበረም።

ስም የሚያወጣው በዛ። እትዬ በየነች፣ «ማስረሻ በያት፣ ታስረሳሻለች» አሉ። ጋሼ ኩማ ከያዮ፣ «ምትኬ ትባል፣ የእኅቴ ልጅ ምትክ ናት» ብለው ላኩ።

«የምትክም የማስረሻም ሥራ የላትም» አለች ዕፀገነት። «ያልረሳሁትን ልጄ ላይ ምን ያስጭነኛል? የሞተው እሱ ነው፤ እሷ ገና አሁን መምጣቷ ነው።»

ኡርጂ አለቻት። በሐርሜ ኡርጌ ቋንቋ ኮከብ ማለት ነው። አሮጊቷ ሰምተው ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ።

ምንዳዬ ሕፃኗን ተቀበሉ። ወደ መስኮቱ ወስደው፣ ብርሃን ላይ አድርገው ፊቷን አዩ። ዓይናቸውን ሳያነሡ፣ ወደ ግድግዳውም ሳይዞሩ፣ እስኪበቃቸው አዩዋት። ከዚያ ለእናቷ መልሰው፣ «ርቧታል፣ አጥቢያት» አሉ።