ሦስት ዓመት የሚፈጅ ዛጎል

ኮረንታን ከሊዮን ከተማ ተነስቶ የፈረንሳይ ባሕር ጠረፍ ወደሆነው ብሬታኝ ድረስ መኪናውን ሲያስጮኽ የመጣው ታላቅ ወንድሙን ሊያስታምም ነበር። ታማሚው ግን አልጋው ላይ የለም። ባሕሩ ሸሽቶ የተወው ጭቃ መሀል፣ እስከ ደረቱ የሚደርስ የጎማ ሱሪውን አጥልቆ፣ ትራክተሩ ላይ ጉብ ብሏል።

«አንተ ሰውዬ አብደሃል?» ብሎ ጮኸ ኮረንታን፣ የከተማ ጫማው ጭቃ ውስጥ እየሰመጠ። «ሐሙስ ለመርፌው ሆስፒታል አልሄደም አሉኝ!»

«አልሄድኩማ» አለ ታንጊ። «ባሕሩ ሸሽቶ ነበር።»

አሁን ይሄ መልስ ነው? የኮረንታን ደም ፈላ። ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ እንዲሁ ነው፤ ውሃው ሲሸሽ ሥራ፣ ሥራ ብቻ። አባታቸው ሲሞት ባሕሩ ሸሽቶ ነበር፤ ሚስቱ ጥላው ስትሄድም ባሕሩ እየመጣ ነበር። አሁን ደግሞ ካንሰሩ ከቆሽቱ ወደ ጉበቱ ተዛምቶ፣ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ፣ እሱ እቴ! ለምግብ የሚያረባውን የባሕር ዛጎል ያገላብጣል።

ኮረንታን ከትራክተሩ ኋላ የተቀጠለው ተጎታች ላይ ያሉትን የመረብ ከረጢቶች ሲያይ ባሰበት። አንዱን ከፈተው። ጥፍር የሚያህሉ ጨቅላ ዛጎሎች ሞልተውታል። እዚሁ ነው ያደገው፤ እነዚህ ለገበያ እስኪደርሱ ሦስት ዓመት እንደሚፈጁ ያውቃል።

«ለማን ነው ይሄ? በል ንገረኝ፣ ለማን? አንተ እንደሆንክ ለገናም አትደርስ!»

ካለው በኋላ አፉን ያዘ። ታንጊ ግን ሳቀ።

«እፎይ! አንድ ሰው አፍ አውጥቶ ነገረኝ። ሐኪሟ እንኳ ‹እስቲ እናያለን› ብቻ ነው የምትለው። መርፌው ቢበዛ ሁለት ወር ቢጨምርልኝ ነው፣ እሱንም እያስመለሰኝ። እምቢ አልኩ፣ አለቀ።»

«አለቀ? እኔን ማን ጠየቀኝ? ካንተ ሌላ ማን አለኝ እኔ? መንገድ ላይ ሳለሁ አምቡላንስ ጠርቻለሁ። ራሱን ስቷል ብያቸዋለሁ። ወደድክም ጠላህም ትሄዳለህ!»

ታንጊ ከትራክተሩ ወረደ።

«ነጭ ጣሪያ ላይ አፍጥጬ አልሞትም። ካስወሰድከኝ ወንድም የለህም። ሰማህ?» አለና ተጎታቹ ጠርዝ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። «ውሃው እየመጣ ነው። ቆመህ ከምታፈጥብኝ ያንን የከረጢት ረድፍ ገልብጠህ ጨርስልኝ።»

ኮረንታን ኮቱን ወርውሮ ገባበት። ዛጎሎቹ የሚያድጉባቸው የብረት አልጋዎች ላይ የተደረደሩትን የትልልቅ ዛጎል ከረጢቶች እየነጠቀ ገለበጣቸው።

«አንተ ደደብ! ሳትነቀንቅ ነው እንዴ የምትገለብጠው? ሊዮን ይሄን ነው ያስተማሩህ? ተጣብቀው ይቀራሉኮ!»

እውነቱን ነው። በልጅነቱ መጀመሪያ የተማረውን ረስቶታል። በጥፍሩ የሚያቆም ንዴት መጣበት። ሐኪሟን እየተሳደበ፣ ካንሰሩን እየተሳደበ፣ እግዜርንም ሳይምር ከረጢቶቹን ነቀነቀ፤ እጁ ተቆራርጦ ደማ።

«እንደሱ!» አለ ታንጊ ትንፋሽ አጥሮት። «ዛጎል ንዴት ይወዳል።»

የአምቡላንሱ ጩኸት ከዳርቻው ተሰማ። አንዲት ነርስና አንድ ሾፌር ቃሬዛ ይዘው ጭቃውን እየረገጡ መጡ።

«ራሱን የሳተው ሰው የታል?» አለች ነርሷ።

ታንጊ፣ ዕድሜውን ሙሉ ማንንም ለምኖ የማያውቅ ሰው፣ ታናሽ ወንድሙን ቀና ብሎ አየው። ‹ይቃዣል፣ የሚለውን አያውቅም› ብሎ ኮረንታን አንዲት ቃል ቢተነፍስ አፋፍሰው ይወስዱታል። ሁለት ወር። ሁለት ወር እኮ ቀላል አይደለም!

«ራሱን የሳተ የለም» አለ ኮረንታን። «እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። ሂዱ።»

«ግን ፊታቸው እኮ...»

«ሂዱ ተባላችሁ! ሥራ ላይ ነን!»

ነርሷ ታንጊን ጠየቀችው፤ በራሱ አንደበት አልሄድም አላት። እያጉረመረሙ ተመለሱ። ኮረንታን ወንድሙን ማየት አቃተው።

«እጠላሃለሁ» አለው።

«አውቃለሁ። እየጠላኸኝ ሥራ።»

ኮረንታን የጨቅላ ዛጎሎቹን ከረጢት ከተጎታቹ ላይ ጎትቶ አነሳ። «እነዚህንስ የት አባቴ ላድርጋቸው?»

«ከሦስት ዓመት በኋላ ብቻህን ስትመጣ የማይጠፋህ ቦታ።»

ኮረንታን ከረጢቱን ታቅፎ ቆመ። ከዚያ እያለቀሰ፣ እየተሳደበ፣ ለዳርቻው ቅርብ የሆነው የብረት አልጋ ላይ አስቀምጦ በመንጠቆ አሰረው። ውሃው ጉልበቱ ጋ ደርሶ ነበር።