በሸጊቱ ልብ ዙሪያ

የሰፈር ሰው መቼም ሐኪም ያልሆነ የለም። የእትዬ ዋጋነሽ ላም ሸጊቱ ጉሮሮዋ ሥር አብጦ መኖ አልቀምስ ስትል፣ አንዷ የአስኮ ጎረቤት ቡዳ ነው አለች፣ ሌላዋ ብርድ፤ የጸሎት ቤቱ ሽማግሌም በረት ድረስ መጥተው ጸለዩላት። እትዬ ዋጋነሽ ሁሉንም አሜን ብለው ተቀበሉ። ከባላቸው ሞት ወዲህ ጠዋት ጠዋት «እንዴት አደርሽ» የሚሉት ሸጊቱን ብቻ ነው፤ እሷም ልትወልድ ደርሳለች።

በመጨረሻ የእንስሳት ሐኪሟ ሄቨን መጣች። ከላሚቱ ግራ ክርን ኋላ ጸጉሯን ላጭታ ቅባት ቀባችና የአልትራሳውንድ መሣሪያውን አሳረፈችበት። ስክሪኑ ላይ ልቧ ታየ።

እትዬ ዋጋነሽ በረት ውስጥ መቆማቸውን ረሱ። ደመና ውስጥ ያለ ጨረቃ የመሰለ ነገር ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ የልቧ በር እንደ ስስ መጋረጃ ይርገበገባል። መሃሉ ግን ጥቁር ነው።

«ልጄ፣ ልቧ ጠቁሯል እኮ!»

«አይ እትዬ፣ ፈሳሽ እዚህ ላይ ጥቁር ሆኖ ነው የሚታየው። ውስጡ ያለው ደሟ ነው፣ ደግ ነው። እኔ የምፈራው ከልቧ ውጪ ያለውን ጥቁር ነው።»

እትዬ ዋጋነሽ እፎይ አሉ። ሄቨን ግን መሣሪያውን ትንሽ ዞር አደረገች። በልቡ ዙሪያ ሌላ ጥቁር ነበር፤ ልቡም ኩሬ ውስጥ እንደወደቀ ሰው ይፍጨረጨራል።

«ድርቆሹ የታሰረበት ሽቦ ቁራጭ ሳይሆን አይቀርም። ውጣው ከጨጓራዋ አልፎ የልቧን ሽፋን ወግቶታል። አትድንም፣ እትዬ።»

«ጥጃውስ?»

ሄቨን መሣሪያውን ወደ ሆዷ ወሰደች። አንድ ትንሽ ልብ፣ ምንም ሳያውቅ፣ ቶሎ ቶሎ ይመታል። እትዬ ዋጋነሽ ሁለቱን ልቦች አንድ ላይ የሚያዩ መሰላቸው፤ አንዱ ሲደክም፣ አንዱ ሲቸኩል። ምን ያህል ጊዜ እንደቆሙ አላወቁም።

«ምጧን ብንጠብቅ አትደርስም፣ ጥጃውም አብሯት ይሄዳል። ዛሬ አደንዝዤ ሆዷን ከፍቼ ላወጣው እችላለሁ። እሷ ግን አትነሳም። እርስዎ ይወስኑ።»

እትዬ ዋጋነሽ የላሚቱን ግንባር በሁለት እጃቸው ያዙ። አንድ ሌሊት እንኳ ቢጨመርላቸው እንዴት በወደዱ!

«ብትጠየቅ የምትለውን አውቃለሁ» አሉ። «አውጪው።»

ሴት ጥጃ ነበረች። እርጥብ እንደሆነች እናቷ አፍንጫ ሥር አጋደሟት። ሸጊቱ አንገቷን ማንሳት አቃታት፤ ምላሷን ብቻ ዘርግታ ላሰቻት። ልትደግም ስትል ምላሷ መሃል ላይ ቀረ። እትዬ ዋጋነሽ እያለቀሱ፣ እናትየው ካቆመችበት ጀምረው ጥጃዋን በነጠላቸው ያደርቁ ጀመር።